የጋሽ መኩሪያ እጅ

የጋሽ መኩሪያን መርዶ ያመጣችልኝ ትርሐስ ናት። ሱቃችን ድረስ መጥታ፣ የዓሣ ማጥመጃ ከሚያማርጡ ሁለት ፈረንጆች ኋላ ቆማ ተራዋን ጠበቀች። እነሱ ሲወጡ እንደ ማንኛውም ገዢ ወደ ባንኮኒው ተጠጋችና «ዐረፈልሽ» አለችኝ። እኔም መቼና እንዴት ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ሁለታችንም ስንጠብቀው የከረምነው ነገር ነው። ቢሆንም፣ የጠበቁት ሞት አያስለቅስም ያለ ሰው ካለ ዋሽቷል። ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ቀብሩ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ካለ ሐበሻ የቀረ ያለ አይመስለኝም። ከመጡት መካከል በቁሙ ሳለ እሱ አጠገባቸው ሲቀመጥ ሳህናቸውን ይዘው ይነሱ የነበሩ አሉ። እነዚያው ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ሲሉ ስሰማ ደሜ ፈላ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱን ስም ግን ገና በሕይወት ሳለ ቀድመው የቀበሩት እነሱ ናቸው። በወጉ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። እናቴ ብትኖር «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ላይ አይቆጡም» ትለኝ ነበር።

እኔ ዘሃራ እባላለሁ፤ የሞያሌ ልጅ ነኝ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ጀምሮ ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ራምጂ የሚባል ህንዳዊ ነው። ከፊት ለፊት ባርኔጣ፣ ድንኳንና መንጠቆ እንሸጣለን፤ ከኋላ ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ጠመንጃና ሽጉጣቸውን የሚያስጠግኑበት ክፍል አለ። ጋሽ መኩሪያ የኖረውም ያለቀውም በዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

የመጣው ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። በንጉሡ ጦር ውስጥ አምሳ አለቃ፣ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ደግሞ ጠጋኝ ነበር። አንድ ጠዋት የበላይ አለቃው በመኪና ተጭኖ ሲወሰድ አየ፤ ያን ዕለት የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወጥቶ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻገረ። ሱቃችን በር ላይ ሲቆም አቧራው ገና ከጫማው አልለቀቀም ነበር። የአገሬ ሰው መሆኑን ሳውቅ ጥያቄ አዘነብኩበት። በየት በኩል ወጣህ? ማን አሳለፈህ? ዘመድ አለህ? ከማን ጋር ነህ? እሱም ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ።

«ጉምሩክ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር» አለ፣ «ለካ ዋናው እዚህ ኖሯል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጉምሩክ ሆነ። «ጉምሩክ፣ ሻይ አለ?» «ጉምሩክ፣ ዛሬ ማንን ፈተሽሽ?» ሌላ ሰው ቢለኝ እቆጣ ነበር።

ራምጂ ያቆየው በአንድ ነገር ነው። ደንበኞቻችን ባለ እርሻ ነጮችና የዒላማ ክበብ አባላት ነበሩ። ብዙዎቹ የፋብሪካ ጥይት ስለሚቸግራቸው እርሳስ እያቀለጡ ራሳቸው ይሠራሉ። እርሳስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ በሽጉጡ በርሜል ውስጥ ተምዘግዝጎ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ እየተቀባ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ይደፈንና ጥይቱ ወዳነጣጠሩበት መሄድ ይተዋል። ከጋሽ መኩሪያ በፊት የነበረው ጠጋኝ በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ ይውልና እርሳሱን ከነብረቱ ይቧጭረው ነበር። ጋሽ መኩሪያ ይዞት የገባው ሽጉጥ ግን ከኋላ ክፍል ሲወጣ ውስጡ እንደ መስታወት ይሆናል። ደንበኞቹ «ፉንዲ» ይሉት ጀመር፤ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው።

«እርሳስን አትቆጪው» ይለኝ ነበር። «ተቆጥተሽ ከፋቅሽው ብረቱን ይዞብሽ ይሄዳል። አባብለሽ ነው የምታስወጪው። ሰውም እንደዚሁ ነው፣ ጉምሩክ፤ አንቺ ግን አይገባሽም።»

አንድ ልማድ ነበረው። ሽጉጡን ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት በርሜሉን ነቅሎ ወደ ፊተኛው ሱቅ መስኮት ያነሳና «ታዛማ» ይላል፤ ተመልከት ማለቱ ነው። ባለቤቱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በበርሜሉ ውስጥ ሰማዩን ካላየ ዕቃውን አያገኝም። አንድ ጊዜ አንድ ግዙፍ ባለ እርሻ «ጊዜ የለኝም፣ አምንሃለሁ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ጋሽ መኩሪያ በርሜሉን እንደ ሕፃን ከጀርባው ደበቀበት። ሰውዬው መጀመሪያ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ኋላ ግን እየሳቀ አየ። ካየ በኋላ መኪና ውስጥ የተቀመጠችውን ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። እንዲህ ያለ ደፋር ሰው ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

እርሳሱን እንዴት እንደሚያወጣው ግን ማንም አያውቅም። በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። የኋላው ክፍል መስኮትማ ሽጉጥ ያለበት ክፍል ነው ተብሎ ዱሮውኑ በብረት ተደፍኗል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «እየጸለይኩ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ክርር አድርጌ ስይዘው ዕቃውን አስቀመጠና ነገረኝ። ሙያውን ያስተማረው ግምጃ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከማስተማሩ በፊት ንስሐ አባቱን ጠርቶ፣ ለሌላ ሰው እንዳያወጣ በመስቀል አስገዝቶታል።

እኔ እስላም ነኝ፤ ግዝት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር።

«ቄስ በእግዚአብሔር ስም አፍሽን ያስረዋል» አለኝ። «ቄስ ካልፈታው አይፈታም።»

«ሽማግሌው ሞቷል። አገሩም ርቋል።»

«ግዝቱ ግን አብሮኝ ድንበር ተሻግሯል» አለ እየሳቀ። «አንቺ እንኳ ፈትሸሽ አላስቀረሽውም።»

ትርሐስ የመጣችው ከዓመታት በኋላ ነው። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት ሴት ናት። ዮናስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ ተማሪ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት። እሷም ለቅሶዋን በወጉ ሳትጨርስ ወጣች። ኪሊማኒ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ያለ ቤት ተከራይታ ለሐበሾች ምግብ ትሠራ ነበር። ስደተኛው ሁሉ እዚያ ይበላል፣ ያወራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።

ጋሽ መኩሪያ ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይሄዳል። መጀመሪያ ምድጃዋን ጠገነላት፤ ቀጥሎ የበሯን ማጠፊያ፤ ቀጥሎ ያልተበላሸ ነገር መጠገን ጀመረ። እኔም አንዳንዴ አብሬው እሄድ ነበር። ትርሐስ ስለ ልጇ ለማንም አታወራም፤ ለእሱ ግን ሽንኩርት እየላጠች ታወራለታለች። ዮናስ ቀይ እንደ ነበር፣ ሕፃን ሳለ ከደረጃ ወድቆ ግንባሩ ላይ ጠባሳ እንደ ቀረበት፣ ሹሮ በሚጥሚጣ እንደሚወድ። እሱ ዝም ብሎ ይሰማታል። አንድ ቀን ምን እንዳላት አላውቅም፣ ትርሐስ ድስቱን ይዛ ስትስቅ አየኋት። ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ሊጋቡ ተስማሙ። የአባቷን የወርቅ ቀለበት አደረገችለት። በማግስቱ ሱቅ ሲመጣ እጁን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ እንደ ሐውልት ቆመ። እኔም አውቄ ሌላ ሌላውን ሳወራ ቆየሁ። በመጨረሻ «ጉምሩክ፣ ዛሬ መፈተሽ ተውሽ እንዴ?» አለኝና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ አያውቅም። ሲሠራም፣ ሲታጠብም፣ ሲተኛም አብሮት ነው።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ሲንኳኳ ሰማን። ከዚያ ትንሽ ብሎን መያዝ አቃተው። ድዱ ይደማል፤ ምራቁ ይሞላበትና በመሐረብ ይጠርጋል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ሳያበቃ ያለቅሳል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ማፈሩን ነው። ያ ባለ እርሻውን «ታዛማ» ብሎ ያስገደደ ሰው ደንበኛ ሲገባ በር ጥግ ይደበቅ ጀመር። ስሙን ሲጠሩት ፊቱ ይቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ራሱን በሰው ፊት ይዞ መቆም ተሳነው። ምን ነካህ ስለው «አላውቅም፣ ሰው ሲያየኝ እፈራለሁ» ይለኛል።

ያኔ የስደተኛው ዘመን ክፉ ነበር። ማን ምን ሆኖ እንደመጣ አይታወቅም፤ ሁሉም ሌላውን ጆሮ ጠቢ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ትርሐስ ቤት ከሚበሉት አንዱ አቶ ግርማቸው ይባላሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ወሬ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ሻዩን ሲያፈሰው አዩ። እሱ አፍሮ ሲወጣ ጎንበስ አሉ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል» አሉ። «የዚህን ሰውዬ ግን እጁ ነው የሚያወጣው። ሽጉጥ የለመደ እጅ ነው። ምርመራ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ደሙ አይለቀውም።»

«ኧረ አቶ ግርማቸው!» አልኩ። «እሱ እኮ ደርግ በገባ በወራት ውስጥ ነው የመጣው። ግድያው ሲጀመር ከእኔ ጋር እዚህ ነበር። ወሬውን በሬዲዮ የሰማነው አብረን ነው!»

«አንቺ የኬንያ ሰው ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ከናይሮቢ ወጥቶ ተመልሶስ እንደሆነ?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጋሽ መኩሪያ ሲገባ ወንበሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። እሱም ይሰማ ነበር። የሚያንሾካሹኩ ሰዎች በሽተኛ የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ በሽተኛ ግን ሁሉንም ይሰማል።

ትርሐስ ወሬውን አላመነችም ነበር። የሰበራት ቀለበቱ ነው። አንድ ቀን ምግብ ሲቀበላት እጁን አየች፤ የአባቷ ወርቅ እንደ ቆርቆሮ ነጥቶ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው አየው። አቶ ግርማቸው «ወርቅ እንኳ ተጸየፈው» አሉ። ከሞት አምልጦ የመጣ ሰው በምልክት ያምናል፤ እሷም ሰው ናት።

የጠየቀችው በማግስቱ፣ ተመጋቢ ሳይመጣ፣ ብቻቸውን ሳሉ ነው። ኋላ ራሷ ነገረችኝ። «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» አለችው። «ሰው ገድለህ ታውቃለህ? ልጄን ከወሰዱት አንዱ ነህ?» ፊቱ ቀላ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ምራቁ በአገጩ ወረደ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። ቀለበቱን እየታገለ ከጣቱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሮጠ። እሷም መልሱን ያገኘች መሰላት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። ሐኪሟ በጥንቃቄ መረመረችውና «በሥራህ ላይ ምን ትነካለህ?» ብላ ጠየቀች። በአማርኛ ነገርኩት። «ዘይትና ጨርቅ» አለ ወለሉን እያየ። እኔም ያንኑ በእንግሊዝኛ መለስኩላት። የድካምና የሐሳብ መድኃኒት ሰጠችው።

ትርሐስ ቀለበቱን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጣይልኝ፤ የአባቴ ነው፣ የእኔ እጅ አይችልም» አለችኝ። የእኔም እጅ አልቻለም። ኢስሊ ሰፈር የእናቴ ወንድም የወርቅ ሱቅ አለው፤ ሙያውን ሐረር ነው የተማረው። ምናልባት ቢያጸዳው ብዬ ወሰድኩለት። አጎቴ ቀለበቱን በመቆንጠጫ አንስቶ አገላበጠና ከእኔ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

«ባዜቃ ነክቶታል» አለ። «ማነው ባዜቃ የሚነካው?»

ባዜቃ ያ ሜርኩሪ የሚሉት፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው፣ እንደ ውሃ የሚሮጠው ብረት ነው። ጋሽ መኩሪያ እንዴት ሊነካው ይችላል ብዬ ሳስብ አጎቴ ጥያቄውን ቀጠለ።

«እጁ ይንቀጠቀጣል? ድዱስ ይደማል?»

«አዎ።»

«ሰው ሲያየው ያፍራል?»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አያትሽ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው» አለኝ። «ዕድሜውን ሙሉ በባዜቃ ወርቅ ሲለብጥ ኖሮ መጨረሻ ላይ ከእኛ ከልጆቹ ይደበቅ ነበር። ወላሂ፣ በር ስንከፍት አልጋ ሥር ይገባ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ሱቅ ሲገባ ጠብቄ ያዝኩት። «ባዜቃ ነው አይደል?» አልኩት። በሁለት እጁ አፉን አፈነ።

«እኔ አልነገርኩሽም» አለ ከጣቶቹ ሥር። «ጉምሩክ፣ እኔ አልነገርኩሽም። ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

ቁልፉን ከኪሱ ወስጄ በሩን ከፈትኩ። ጠርሙሱ፣ ስስ የፍየል ቆዳ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንዲት የብረት ጣሳ ተደርድረዋል። ነገሩን አጎቴ ነው ኋላ ያስረዳኝ። የበርሜሉን አንድ አፍ ደፍኖ ባዜቃ ያፈስበታል፤ ባዜቃውም እርሳሱን ልሶ ይዞት ይወጣል። ያን በቆዳው ውስጥ በባዶ ጣቱ ይጨምቀዋል። ባዜቃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከእርሳሱ ጋር የቀረውን ምድጃ ላይ አሙቆ መልሶ ይለየዋል። ይህን ሁሉ ለዓመታት፣ በሩ ተቆልፎ መስኮቱ ተደፍኖ፣ እንፋሎቱን እየማገ። ሽማግሌው ሙያውን ሲያወርሰው ሞቱንም አብሮ አውርሶታል፤ ምናልባት ሳያውቀው፣ ምናልባትም የሱም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ራምጂ ሲሰማ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። በዚያው ዕለት ክፍሉን አዘጋ፣ ሕክምናውንም ቻለ። ሐኪሟ እውነቱን ስትሰማ አልተቆጣችም። እጁ ሊሻለው እንደሚችል ነገረችኝ። «ስለ አእምሮው ግን ቃል አልገባልሽም፤ ፖሌ» አለችኝ፣ አዝናለሁ ማለቷ ነው።

ቀለበቱን አጎቴ በእሳት አጽድቶ ወደ ወርቅነቱ መልሶት ነበር። ይዤው ኪሊማኒ ሄድኩና ለትርሐስ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋን ይዛ ቆማ ሰማችኝ።

«ታዲያ ስጠይቀው ለምን አልተናገረም?»

«ማፈሩ በሽታው ነው። ደግሞ ሙያውን እንዳያወጣ ግዝት አለበት።»

«ግዝት?» አለች። ቢላዋውን አስቀመጠች። እኔ ለዓመታት ያልገባኝ ነገር ለእሷ በአንድ ቃል ገባት። «ዋይ አነ! አፉን አስረውት ነው እንዴ እኔ ተናገር የምለው?» ወዲያው ነጠላዋን አነሳች። እንደኛው ስደተኛ የሆኑ አንድ አሮጌ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውን ፍለጋ ወጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን እሱ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ክፍል ገባን። አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀምጦ ነበር። የትርሐስን ድምፅ ሲሰማ ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ሳበ። አባ አጠገቡ ተቀመጡ፤ አልቸኮሉም። እጁን ያዙለት፣ አብሯቸው ሲንቀጠቀጥ ቆየ። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ጸለዩና «ልጄ፣ ከታሰርክበት ግዝት እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። መስቀሉን ተሳለመ።

ከዚያ ተናገረ። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ቆዳው፣ እርሳስ ባዜቃ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ምላሱ አልተሳሰረም። የድሮው ጋሽ መኩሪያ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ትርሐስ እያለቀሰች እጁን ያዘች።

«እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር» አለችው። «ይቅር በለኝ፣ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ሌላም አለ» አለ።

«ምን?»

«ሌላም አለ፣ አባ። አሁን አፌ ተፈቷል፣ ሁሉንም ልናገር። ልጇን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ መኩሪያ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ነካህ? ያኔ እዚህ ነበርክ! ከእኔ ጋር!»

«ወጥቼ ተመልሼ ይሆናል» አለ በእርጋታ። «ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ብቻ ነኝ ረስቼው የነበርኩት። አሁን ግን ፊቱ ይታየኛል። ቀይ ልጅ ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።»

ያን ጠባሳ የነገረችው እሷ ናት፤ ሽንኩርት እየላጠች። የቀረውን ደግሞ ሳህናቸውን ይዘው ይነሱ የነበሩት ሰዎች ነገሩት። በሽታው አእምሮውን ሲያለሰልሰው የሰማው ሁሉ ተጣበቀበት። አባ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። እኔ ትከሻውን ይዤ እየነቀነቅሁ ራምጂን፣ ሬዲዮውን፣ አብረን ያሳለፍነውን ዓመት በዓል ሳይቀር እቆጥርለት ጀመር። ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል። እንባው ይወርዳል። ትርሐስ ክንዴን ያዘች።

«ተይው፣ ዘሃራ።»

«አልገደለም እኮ!»

«አውቃለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱ ግን አያውቅም።»

አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ወደ ራሷ መለሰችው። ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ቃሉን ከውስጧ እስክታወጣው ድረስ ስትታገል አየሁ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ዮናስን ስለገደልክብኝ ይቅር ብዬሃለሁ። ሰማኸኝ? በልጄ ስም።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ከብዙ ወራት በኋላ ሰው ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው። ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እየቆየም ትንፋሹ ረጋ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ቀስ አድርጋ አስተኛችውና ብርድ ልብሱን አለበሰችው።

ወጥተን አባን ከሸኘን በኋላ ማታቱ የሚሉት የከተማ ታክሲ መቆሚያው ጋ ደርሰን ቆምን። ትርሐስ የመብራት እንጨቱን ተደግፋ ለረጅም ጊዜ መንገዱን ስታይ ቆየች።

«ለልጄ ገዳይ የነበረኝን ይቅርታ ሰጠሁት፣ ዘሃራ» አለችኝ። «አሁን እውነተኛው ገዳይ መጥቶ ደጄ ላይ ቢቆም፣ ምን ቀረኝ?»

እጇን ይዤ ማታቱ እስኪመጣ ጠበቅን።